መስታወት የሚሰብር ብርሃን

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ሲቀርብላችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባሉት ሕንጻዎች ውስጥ ስትዘዋወሩ፣ በስጦታ ዕቃ መደብሮች መስኮት ላይ ያቺን የመስታወት ጡብ ሳታዩ አትቀሩም። ውጪዋ ልሙጥ ነው፤ በጣት ብትዳስሷት ጭረት የላትም። መሃሏ ላይ ግን የሙሽሮች ፎቶ፣ የሕፃን ፊት ወይም ያረፈ አባት ምስል በነጭ ነጠብጣብ ተሠርቶ ይታያል። ከሥር መብራት ሲበራበት ምስሉ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሻጮቹ «ክሪስታል» ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ክሪስታል ሳይሆን ጥራት ያለው መስታወት ነው። ግን ስሙ ለምዷል፤ በእሱ አንጣላም።

ያስተማርኳችሁ ልጆች ይህን ዕቃ ባያችሁ ቁጥር የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ቲቸር፣ መስታወት ብርሃን ያስተላልፋል ብለውን አልነበር እንዴ? ካስተላለፈው ምኑ ሰበረው? ደግሞስ ውጪው ሳይነካ መሃሉ ብቻ እንዴት ተሰበረ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዷ ነጭ ነጥብ ቀለም አይደለችም፤ ስንጥቅ ናት። ምስሉ በሙሉ በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ስብራቶች የተሠራ ነው። የሰበረው ደግሞ ብርሃን ብቻ ነው።

መስታወት ለምን ብርሃን ያስተላልፋል ከሚለው እንጀምር። መስታወት ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በየአቶማቸው ታስረው የተቀመጡ ናቸው። አንዱን ለማስፈታት የሚከፈል ዋጋ አለ፤ በንጹሕ ኳርትዝ ዋጋው ወደ 9 ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳል። ብርሃን ደግሞ የሚመጣው በዝርዝር ሳንቲም ነው። ሳንቲሙን ፎቶን እንለዋለን። አንድ የአረንጓዴ ብርሃን ፎቶን ይዞት የሚመጣው 2.3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ኤሌክትሮኑ ቀብድ አይቀበልም፤ ዱቤም አያውቅም። ሒሳቡ ካልሞላ «እለፍ» ይለዋል፣ ፎቶኑም ያልፋል። ብርሃን አስተላላፊነት ማለት ይኸው ነው። መስታወቱ ብርሃኑን ችሎት አይደለም፤ ሳይቀበለው ስለቀረ ነው።

እንግዲህ አራት አረንጓዴ ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት አንድ ኤሌክትሮን ላይ ቢደርሱስ? አራት ጊዜ 2.3 ሲባዛ ከ9 ያልፋል፤ ሒሳቡ ሞላ ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። በፀሐይ ብርሃንም ሆነ በቤት አምፖል ይህ ግጥምጥሞሽ የለም በሚባል ደረጃ ብርቅ ነው። የመስኮታችሁ መስታወት ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ሲመታው ኖሮ የማይሰነጠቀው ለዚህ ነው። ፎቶኖቹን በጠባብ ቦታና በአጭር ጊዜ አጭቃችሁ ከላካችኋቸው ግን ብርቅ የነበረው ነገር የግድ ይሆናል።

ማጨቅ ስል ምን ያህል ማለቴ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥር የማይወድ ሰው ይህን አንቀጽ ቢዘለው አልቀየምም።

መምህራን ስላይድ ላይ የሚጠቁሙበትን ትንሽ የሌዘር ጠቋሚ አስቡ። ፓወሩ 5 ሚሊዋት ቢሆን፣ በአንድ አምስተኛ ሴኮንድ ውስጥ 1 ሚሊጁል ኢነርጂ ይሰጣል። 1 ሚሊጁል ምንም አይደለም። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው። በጠቋሚው መስታወት ላይ ብታበሩ ቀኑን ሙሉ ምንም አይሆንም። አሁን ያንኑ 1 ሚሊጁል፣ ምንም ሳትጨምሩበት፣ በ5 ናኖሴኮንድ ውስጥ ልቀቁት። ጊዜው በ40 ሚሊዮን እጥፍ አጠረ። ስለዚህ ፓወሩ 200 ሺህ ዋት ሆነ፤ ሃምሳ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንዴ እንደማብራት ማለት ነው። ይህን ደግሞ በሌንስ ሰብስባችሁ ከፀጉር ውፍረት በብዙ በምታንስ ነጥብ ላይ አሳርፉት። ነጥቧ ላይ ያለው ብርሃን ከቀትር ፀሐይ ከትሪሊዮን ጊዜ በላይ የበረታ ይሆናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ? ሎሚው ያው ሃምሳ ነው። የሚለየው በማን ላይ፣ እንዴት ሆኖ እንደተጫነ ነው። ክፍል ውስጥ በኢነርጂና በፓወር መካከል ያለውን ልዩነት ሳስተምር «ምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ የነበራችሁ ልጆች፣ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ስብራቱ። ከእስር የወጣችው የመጀመሪያዋ ኤሌክትሮን ዝም ብላ አትቀመጥም። ብርሃኑ ራሱ ያንገላታታል፣ ያፈጥናታል። ጉልበት ስታገኝ ጎረቤቷን ገጭታ ታስፈታለች። ሁለት ሆኑ። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። እንዲህ ሠላሳ ጊዜ ብቻ በእጥፍ ከተባዙ ከቢሊዮን በላይ ናቸው። ያኔ ብርሃን ያሳልፍ የነበረው ቦታ የነጻ ኤሌክትሮን መንጋ ሞልቶበታል። ነጻ ኤሌክትሮን ደግሞ ብርሃንን አይምርም፤ ይውጠዋል። ነጥቧ በቅጽበት ብዙ ሺህ ዲግሪ ትግላለች፣ ፕላዝማ ትሆናለች። የጋለው ነገር ወደ ውጪ መስፋት ይፈልጋል፤ ዙሪያውን ግን ጠንካራ መስታወት ከቦታል። ትንሽ ፍንዳታ ይሆናል። «ጣ!» ይላል። የሚቀረው ጥቃቅን ስንጥቅ ያለባት ነጭ ነጥብ ናት።

መሃሉ ብቻ የሚሰበርበትም ምክንያት ከዚሁ ይወጣል። ጨረሩ ወደ መስታወቱ ሲገባ ሰፊ ነው። የሚጠበው መሃል ላይ ሌንሱ በሰበሰበው ነጥብ ነው። ሲገባ ሎሚው ለሃምሳ ሰው ተከፋፍሏል፤ ነጥቧ ላይ ግን ለአንዷ ብቻ ወደቀ።

እዚህ ላይ አንድ የድሮ ተማሪዬን ጉዳይ ላንሳ። ገርጂ አካባቢ እንዲህ ያለ ማሽን ይዞ ይሠራል። «ቲቸር፣ አንዳንዱ መስታወት ሥራው ሊያልቅ ሲል እስከ ውጪ ድረስ ይሰነጠቅብኛል፤ ኪሳራ ሆነብኝ» ብሎ ደወለልኝ። ሄጄ አብረን አየነው። ሦስት ነገር አገኘን። አንደኛ፣ መስታወቱን የሚወለውለው በያዘው ጨርቅ ነበር፤ ጨርቁ አቧራ አለው፣ የጣት አሻራም ይቀራል። ሁለተኛ፣ ምስሉ ትልቅ እንዲመስል ሲባል ወደ ጠርዙ በጣም ተጠግቷል። ሦስተኛ፣ ጥራት ለመጨመር ነጥቦቹ እርስ በርሳቸው ተጨናንቀዋል፤ የአንዷ ስንጥቅ ከሌላዋ ጋር እየተያያዘ ይሄዳል።

አቧራው ለምን ይጎዳል? መስታወቱ ብርሃኑን ባይቀበልም አቧራው ይቀበላል። ትንሿ ቅንጣት ትግላለች፣ ትፈነዳለች፣ የመጀመሪያዎቹን ነጻ ኤሌክትሮኖች ታቀርባለች። ከዚያ በኋላ ያለው የመንጋው ሥራ ነው። በሌዘር የሚጎዳ መስታወትም ሆነ ክሪስታል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለች ደካማ ቦታ ነው፦ ከአቧራ፣ ሲወለወል ከቀረች የማትታይ ጭረት፣ ሲሠራ ውስጡ ከተደባለቀ ባዕድ ነገር። የፊቱ ወለል ከውስጡ ቀድሞ የሚሸነፈውም ለዚህ ነው። የሚገርመው ደግሞ ያልተሰበሰበ ቀጥተኛ ጨረር በመስታወት ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ብርሃኑ የሚገባበት ሳይሆን የሚወጣበት ወለል ነው። መውጫው ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን ከሚመጣው ጋር ተደምሮ ስለሚበረታ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ምት ያልሰበረውን፣ ያው ምት ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ይሰብረዋል። እያንዳንዱ ምት የማይታይ ትንሽ ጉድለት ትቶ ስለሚሄድ ነው። አንዴ ከተሰበረ ደግሞ ስብራቱ በየምቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ይህ ጣጣ ከሁሉ አስቀድሞ ራስ ምታት የሆነው ለሌዘር ሠሪዎቹ ነው። ብዙ ሌዘር የሚሠራው በክሪስታል ነዋ! በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሲያበራ የተጠቀመው የሩቢ ክሪስታል ነበር። የምቱ ብርታት እየጨመረ ሲሄድ ጨረሩ የወለደውን ክሪስታል መልሶ መስበር ጀመረ። በ1964 ማይክል ኸርቸር የተባለ ተመራማሪ ብርቱ የሌዘር ምት በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ እንደ ክር የቀጠነ የስብራት መስመር ትቶ እንደሚሄድ አሳየ። ምክንያቱ ብርቱ ብርሃን የሚያልፍበትን መስታወት ባሕርይ ትንሽ ይለውጠዋል፤ መስታወቱም ለጨረሩ ሌንስ ይሆንለታል። ጨረሩ ራሱን በራሱ ይሰበስባል፤ በተሰበሰበ ቁጥር ይበረታል፣ በበረታ ቁጥር ይሰበሰባል፤ መጨረሻው ስብራት ነው።

ለሃያ ዓመት ያህል ይህ ግድግዳ ሆኖ ቆየ። በ1985 በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ዶና ስትሪክላንድ የተባለች የዶክትሬት ተማሪና መምህሯ ዤራር ሙሩ መላ አገኙ። መላው ሲነገር ቀላል ነው። አጭሩን ምት መጀመሪያ በጊዜ ዘርጋው፤ ሲዘረጋ ብርታቱ ይቀንሳል። ተዘርግቶ ሳለ በክሪስታሉ ውስጥ አሳልፈህ አጎልብተው፤ ክሪስታሉ አይጎዳም። በመጨረሻ መልሰህ አጥብቀው። ሎሚውን ለሃምሳ ሰው አከፋፍሎ መንገዱን ካሻገሩ በኋላ እንደገና አንድ ላይ መሰብሰብ ማለት ነው። በዚህ ሥራ በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከአርተር አሽኪን ጋር ተካፈሉ። ስትሪክላንድ በፊዚክስ ሦስተኛዋ ሴት ተሸላሚ ናት። ዛሬ በምላጭ ፋንታ የዓይን ብሌን ሽፋንን የሚቀዱት የፌምቶሴኮንድ ሌዘሮች የዚህ መላ ልጆች ናቸው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ኖቤል አይደለም። እናቴ ናት።

እናቴ አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ከሦስት ዓመት በፊት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ደህና ታይ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን እንደገና መደብዘዝ ጀመረባት። በአባታችን ሙት ዓመት ያሠራንላት ምስሉ ያለበት መስታወት አልጋዋ አጠገብ ነው። መስኮት አስጠግታ ታገላብጠዋለች፣ ፊቱን አታገኘውም። «ሞራው ተመልሶ በቀለ፤ እንግዲህ ዕድሜም ነው» ብላ ተወችው።

ቦሌ መስመር ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ዶክተሯ ሞራ አይደለም አለችን። በቀዶ ሕክምናው የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። አዲሱ ሌንስ የሚቀመጠው የድሮው ሌንስ በነበረበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። በአንዳንድ ሰው፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ፣ የከረጢቱ የኋላ ግድግዳ ይደፈርሳል። ምላጭ አያስፈልገውም፤ በሌዘር ምት መሃሉ ላይ ቀዳዳ ይከፈትለታል፣ ብርሃንም ያልፋል። ዘዴውን በ1980 ገደማ ያስፋፉት ፈረንሳዊቷ ዳንየል አሮን ሮዛና ስዊዘርላንዳዊው ፍራንዝ ፋንክሃውዘር ናቸው።

ሌዘሩ ያግ ይባላል። ኒዮዲሚየም የተባለ ንጥረ ነገር የገባበት ክሪስታል ነው። የቦሌዎቹ መስታወት ቀራጮችም አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ይህን የልጅ ልጇ ስልኳ ላይ አንብባ ነገረቻት። በቃ፣ እማዬ አሻፈረኝ አለች።

«አባታችሁን መስታወት ውስጥ የቀረጸው እሳት ዓይኔ ውስጥ ሊገባ ነው? መስታወት የሰበረ እኔን ይምረኛል?»

ሁለት ወር እንዲሁ ሄደ። ደረጃ ላይ መውደቅ ስትጀምር ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ፎቶን ባወራት ምን ይሆናል? እሷ ስፌት ታውቃለች። ስለዚህ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ስፌት ስትተረትሪ ምላጩን ጨርቁ ላይ ነው ክሩ ላይ የምታሳርፊው?»

«ክሩ ላይ ነዋ።»

«ጨርቁስ ለምን አይቀደድም?»

«እጄ ካልተንቀጠቀጠ ምን ይቀድደዋል?» ካለች በኋላ ትንሽ አሰበችና፣ «የሐኪሟ እጅ አይንቀጠቀጥም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የጉዳዩ ልብ ነው። የምላጩ ጫፍ ማለት ጨረሩ የተሰበሰበበት ነጥብ ነው። ነጥቡ ከግድግዳው ላይ ወይም ትንሽ ከኋላው ካረፈ ግድግዳው ይከፈታል። ወደ ፊት ካፈነገጠ ሰው ሠራሹ ሌንስ ላይ ያርፍና ይጠቀጥቀዋል፤ ልክ እንደ ስጦታ ዕቃው መስታወት ነጭ ነጥብ ይተውበታል። ዓይን ሐኪሞች ይህን በደንብ ያውቁታል። ከነጥቡ አልፎ ወደ ኋላ የሚሄደው ብርሃን ደግሞ መልሶ ይበተናል፣ ከፊሉንም ፕላዝማው ይውጠዋል። የዓይን የኋላ መጋረጃ ላይ ሲደርስ ጫፉ ዶልዱሟል።

ይህን ሁሉ ለዶክተሯ ነገርኳት። እሷም ሳትቸኩል አስረዳቻት። «እማማ፣ አገጭዎን እዚህ ያሳርፉ። ሁለት ቀይ ነጥቦች ይታዩኛል፤ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ቦታዬን አገኘሁ ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ እገፋዋለሁ፣ ሌንስዎን እንዳይነካ። የምጀምረውም ከትንሹ ነው።» የማደንዘዣ ጠብታ ተደረገላት። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ሃያ ጊዜ ያህል ትንሽ «ጣ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እያንዳንዱ ምት 1 ወይም 2 ሚሊጁል ነው፤ ያቺው ሁለት ማንኪያ ስኳር። ስትወጣ «ሰው አጠገቤ ቆሎ የሚቆረጥም ነው የመሰለኝ» አለች።

በማግስቱ ስሄድ መስታወቱን ይዛ ጠበቀችኝ። «የአባትህ ኮሌታ ተጣሞ ነው የተሠራው፤ እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም» አለች። እውነትም ተጣሟል። ፎቶው ላይም እንደዚያው ነው።

ይህን የጻፍኩት የእናቴን ዓይን ለማውራት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአገራችን ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው የዓይን ሞራ ነው። ስለዚህ በየቤታችን የተቀደዱ እናቶችና አባቶች አሉ። «ሞራው ተመለሰ» ብለው፣ ተስፋ ቆርጠው፣ ግድግዳ እየዳበሱ የሚኖሩም አሉ። የወጣ ሞራ አይመለስም። ዳግመኛ ሲደበዝዝባቸው ከረጢቱ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ሐኪም ነው። ወስዳችሁ አስመርምሯቸው።

ከሌዘሩ በኋላ ጥቂት ቀን ትንኝ የመሰለ ነገር ዓይን ፊት ቢንሳፈፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን ድንገት የመብረቅ ብልጭታ ዓይነት ከታያቸው፣ የሚንሳፈፈው ከበዛ ወይም መጋረጃ የወረደ ከመሰላቸው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ አለባቸው። የዓይን ግፊትም ሊጨምር ስለሚችል የታዘዘውን ቀጠሮ አታስቀሩ።

ልጆች ያላችሁ ደግሞ ያቺን የሌዘር ጠቋሚ እንደ መጫወቻ አትስጧቸው። ከፊት ያለው የዓይን ክፍል ብርሃኑን ስለሚያስተላልፍ ምንም አይሆንም፤ የዓይኑ ሌንስ ግን ሰብስቦ የኋላ መጋረጃው ላይ ያሳርፈዋል። መጋረጃው እንደ መስታወት አይደለም፤ የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል።

የገርጂው ልጅ አሁን መስታወቱን በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ነው የሚያጸዳው። ምስሉንም ከጠርዙ አርቆታል፤ ኪሳራው ቀንሷል። እኔም የምክር አገልግሎት ክፍያዬን በቡና ተቀብያለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የዓይን ሐኪም የሆናችሁ ልጆቼም የምትጨምሩት ካለ አትቆጠቡ። ቸር ይግጠመን።